ቁጥሩ ያው፣ ቤቱ ሌላ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አድራሻ ነው።

በአዲስ አበባ አድራሻ ማለት ቁጥር ሆኖ አያውቅም። የቤት ቁጥርማ አለ፤ ቆርቆሮ ላይ ተጽፎ በር ላይ ተመትቷል። ግን እንግዳ ስትጠሩ «የቤት ቁጥራችን 417 ነው» ብላችሁ የምታበቁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ዳቦ ቤቱን አልፈህ፣ ሰማያዊ በር» ነው የምንለው። ቁጥር ብቻ ይዞ የመጣ እንግዳ ሰፈሩን ሲዞር ይውላል፤ ምልክት ይዞ የመጣ ቡናው ሳይቀዘቅዝ ይደርሳል። (ዳቦ ቤቱ እስኪፈርስ ድረስ ማለቴ ነው። እሱ ሌላ ጣጣ ነው፤ እደርስበታለሁ።)

ይሄን ያነሳሁት ስለ ሰፈር ላወራ አይደለም። ስለ ዲበገር ላወራ ነው። ቆይ፣ ገጹን አትዝጉት! «የጋዜጠኝነት ምሩቅ ከዲበገር ጋር ምን አገናኛት?» ትሉኝ ይሆናል። እንጀራ ነዋ! ሶፍትዌር በሚሰራ አንድ ትንሽ ቢሮ ውስጥ የአጠቃቀም መመሪያ እጽፋለሁ፤ ደንበኛ ሲደውልም ስልክ አነሳለሁ። ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ የሚሰማው የፕሮግራመሮች ወሬ ነው። እነሱ «በግ» ሲሉ ደግሞ የበዓል በግ እንዳይመስላችሁ፤ የፕሮግራም ስህተት ማለታቸው ነው። ዲበገር በጉን የሚያስፈልጉበት መሣሪያ ነው።

እናላችሁ፣ ከዚህ መሣሪያ አንዲት ነገር ተማርኩ። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬ ስለ ምንጭና ስለ ጥቅስ ከተማርኩት ጋር ቁጭ ብላ የምትነጋገር ነገር።

* * *

መጀመሪያ ስለ ብሬክፖይንት። ብሬክፖይንት ማለት ለፕሮግራሙ «እዚህ ስትደርስ ቁም፣ ኪስህን ልፈትሽ» ማለት ነው። ብዙ ሰው ዲበገር ከዳር ቆሞ የሚመለከት፣ ሰዓቱ ሲደርስ ፊሽካ የሚነፋ ዳኛ ይመስለዋል። አይደለም። ዲበገር ሜዳው ውስጥ ገብቶ ነው የሚቆፍረው።

በኢንቴል ዓይነት ፕሮሰሰር ላይ ነገሩ እንዲህ ነው። እንዲቆም በተፈለገበት ቦታ ላይ ያለችውን አንዲት ባይት ዲበገሩ አንስቶ ኪሱ ይከታታል። በቦታዋ 204 የሚል ቁጥር ይተክላል። ፕሮሰሰሩ ትዕዛዞቹን አንድ በአንድ እየፈጸመ መጥቶ 204ን ሲያገኝ ወጥመድ ረገጠ ማለት ነው፤ ፕሮግራሙ ቀጥ ይላል፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙም ዲበገሩን ይቀሰቅሰዋል። «ቀጥል» ስትሉት ደግሞ ዲበገሩ የመጀመሪያዋን ባይት ቦታዋ ይመልሳል፣ ፕሮሰሰሩን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ያስቆመዋል፣ ያችን አንድ ትዕዛዝ ብቻ ያስፈጽምና 204ን መልሶ ተክሎ ይለቀዋል። ይሄ ሁሉ የሚሆነው ዓይናችሁን ሳትጨፍኑ ነው።

(ሌላም መንገድ አለ። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ለዚሁ ተብለው የተሰሩ 4 የአድራሻ ሳጥኖች አሉ፤ እነሱን መጠቀም ፕሮግራሙን አይነካም። ግን 4 ብቻ ናቸው።)

አሁን ጥያቄው ይመጣል። ፕሮግራሙ ሲዘጋ ሜሞሪው ይጠፋል፤ የተተከሉት 204ዎች በሙሉ አብረው ይሞታሉ። ነገ ፕሮግራሙን እንደገና ስታስነሱት ግን ዲበገሩ ብሬክፖይንቶቻችሁን ያስታውሳል። እንዴት? ማስታወሻ ደብተር ስላለው። በየሩጫው ደብተሩን ገልጦ ወጥመዶቹን እንደ አዲስ ይተክላል።

ስለዚህ ቁም ነገሩ ያለው ወጥመዱ ላይ አይደለም። ደብተሩ ላይ ምን ተጽፏል? እዚያ ነው።

* * *

ደብተሩ ላይ ሦስት ዓይነት ነገር ይጻፋል።

አንደኛው ስም ነው። «ደረሰኝ አትም የሚባለው ፈንክሽን ጋ ስትደርስ ቁም።» ይሄ የሰማያዊ በሩ ዓይነት አድራሻ ነው። ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥር ዲበገሩ «ደረሰኝ አትም ዛሬ የት ነው ያለኸው?» ብሎ ይጠይቃል፤ የዛሬውን ቁጥር ያገኛል፤ እዚያ ይተክላል። ኮዱ ቢለወጥ፣ ፈንክሽኑ ሦስት ኪሎ ሜትር ቢርቅ ግድ የለውም።

ሁለተኛው ፋይልና መስመር ነው። «በዚህ ፋይል 40ኛው መስመር ላይ።» ይሄ ግማሽ ምልክት፣ ግማሽ ቁጥር ነው። ከበላዩ ሁለት መስመር ከጨመራችሁ 40ኛው መስመር ትናንት የነበረው መስመር አይደለም። ዲበገሩ ግን ታማኝ ሆኖ 40ኛው ላይ ይቆማል።

ሦስተኛው እርቃኑን የቀረ የሜሞሪ አድራሻ ነው። ስም የለው፣ መስመር የለው። ቁጥር ብቻ። ጂዲቢ በሚባለው የሊኑክስ ዲበገር ላይ ብሬክ ብላችሁ፣ ኮከብ ምልክት አድርጋችሁ ቁጥሩን ትሰጡታላችሁ። እሱም ቁጥሩን ይጽፋል። በሚቀጥለው ሩጫም ያንኑ ቁጥር ያነባል። «እዚያ ዛሬ ማን ነው የሚኖረው?» ብሎ አይጠይቅም።

«ታዲያ ማን አስገደዳቸው? በስም አይጠሩትም?» እንዳትሉ። ስም የሌለበት ጊዜ አለ። ሶርስ ኮዱ በእጃችሁ የሌለ፣ ከሌላ ድርጅት ተገዝቶ የመጣ፣ ስሞቹ ሁሉ የተፋቁበት ላይብረሪ ሲሆን ያላችሁ ቁጥር ብቻ ነው። ፕሮግራም ደንበኛ ቤት ሞቶ የመጨረሻ ቃሉ አንድ መዝገብ ላይ ሲገኝም ብዙ ጊዜ የሚናዘዘው ቁጥር ነው፤ «እዚህ አድራሻ ላይ ሞትኩ» ይላል።

* * *

ድሮ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ይሄ ብዙ አያስቸግርም ነበር። ፕሮግራም ሲነሳ ሁልጊዜ እዚያው ቤቱ ነበር የሚገባው። ዛሬም ነገም ቁጥሩ አንድ ነው። ችግሩ ይሄንን ሌባም ማወቁ ነው።

በ1988 የሞሪስ ትል የሚባለው ፕሮግራም በኢንተርኔት ሲሰራጭ ከተጠቀመባቸው መንገዶች አንዱ ይሄ ነበር። አንድ ፕሮግራም ከሚችለው በላይ ረጅም ጽሑፍ ይልክለታል፤ ጽሑፉ ከተመደበለት ቦታ ሞልቶ ይፈሳል፤ የፈሰሰውም ፕሮሰሰሩን ሌባው ወደሚያውቀው አድራሻ ይመራዋል። ሌባው ቤቱን ሳያይ መኝታ ክፍሉ የት እንደሆነ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

መፍትሔው ምን ሆነ መሰላችሁ? ቤቱን በየጊዜው ማዘዋወር! በ2001 ፓክስ የሚባለው ፕሮጀክት ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥር የሜሞሪ ቦታዎቹን በዕጣ የሚያድል ዘዴ ለሊኑክስ አወጣ። በ2003 ኦፕን ቢኤስዲ ተከተለ። በ2005 የሊኑክስ ዋናው ከርነል የራሱን አስገባ። በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ፣ በ2011 አይፎን። ኡቡንቱ በ2016 መጨረሻ ላይ ፕሮግራሞቹ ራሳቸው የትም ቢያርፉ እንዲሰሩ ተደርገው እንዲዘጋጁ አደረገ። እንግዲህ ዛሬ ሊኑክስ ላይ እንዲህ የተዘጋጀ አንድ ፕሮግራም ሁለት ጊዜ ብትከፍቱ ሁለት የተለያየ ሰፈር ነው የሚያድረው።

ሌባው ተቸገረ። እሰየው! ግን ሐኪሙም አብሮ ተቸገረ። ትናንት «ሕመሙ እዚህ ጋ ነው» ብሎ የጻፈው ቁጥር ዛሬ ባዶ ሜዳ ነው።

* * *

ዲበገሮቹ ይሄን ችግር የሚወጡበት መንገድ እንደ ሰው ጸባይ የተለያየ ነው። ልማርባቸው።

ጂዲቢ ዓለሙን ጸጥ የሚያሰኝ ዓይነት ነው። ከ2009 ጀምሮ፣ በሊኑክስ ላይ ራሱ የሚያስነሳውን ፕሮግራም ዕጣ እንዳይወጣበት ያደርጋል። «ለዚህ ልጅ አድራሻውን አትቀያይርበት» ብሎ ለከርነሉ ይነግረዋል። ስለዚህ በጂዲቢ ስር የተነሳ የተለመደ ባለ 64 ቢት ፕሮግራም መነሻው ብዙውን ጊዜ በ16 ቤት አቆጣጠር 555555554000 ነው። ከመነሻው 1139 ርቃ ያለች ትዕዛዝ ሁልጊዜ 555555555139 ላይ ትገኛለች። ትናንት የጻፋችሁት ቁጥር ዛሬም ይሰራል፤ ደስ ይላል። ግን ሳታስነሱት በፊት 1139 ብላችሁ ብሬክፖይንት ካደረጋችሁ፣ ሲነሳ «ማስገባት አልተቻለም፣ እዚያ አድራሻ ላይ ያለውን ሜሞሪ መድረስ አይቻልም» ይላችኋል፤ ምክንያቱም 1139 ከመነሻው ያለ ርቀት እንጂ የዛሬው አድራሻ አይደለም። በሌላ በኩል ቀድሞ ተነስቶ የሚሰራ ፕሮግራም ላይ በኋላ ከተጣበቃችሁ ዕጣው ወጥቷል፤ ጂዲቢ ሊመልሰው አይችልም። ዶከር ውስጥም በተለመደው አቀማመጡ ይሄ ልመና ይከለከላል፤ ጂዲቢም «አልተፈቀደልኝም» ብሎ ያሳውቃል።

ኤልኤልዲቢ ደግሞ ጠያቂ ነው። እሱም እንደ ጂዲቢ ዕጣውን ያስቆማል፤ ግን በዚያ ብቻ አይተማመንም። አድራሻ ስትሰጡት «ይሄ ቁጥር የየትኛው ፋይል ነው?» ብሎ ያጣራል። ባለቤቱ በእርግጠኝነት ከታወቀ ቁጥሩን አይጽፈውም፤ «የእነ እገሌ ቤት፣ ከበሩ 1139 እርምጃ» ብሎ ነው የሚጽፈው። ቤቱ የትም ቢዘዋወር እርምጃው አይለወጥም።

የዊንዶውሱ ዊንዲቢጂ ምርጫውን ለእናንተ ይተወዋል። ሁለት ትዕዛዞች አሉት። አንዱ የሰጣችሁትን ወዲያው ወደ ቁጥር ይለውጥና ቁጥሩን ይዞ ይቀራል፤ ላይብረሪው ወጥቶ ሌላ ቦታ ቢገባ እሱ እዚያው ነው። ሌላው ስሙን ይይዛል፤ ላይብረሪው ገና ባይመጣም ይጠብቃል። ስታስቀምጡት ለነገ የሚቀመጥላችሁም ይሄኛው ነው።

ቪዥዋል ስቱዲዮ ግን እውነተኛ ነው። «ይሄ ዳታ ሲለወጥ ቁም» የሚባለውን፣ ከአንድ አድራሻ ጋር የታሰረውን ብሬክፖይንት፣ ሥራችሁ ባለቀ ቁጥር ራሱ ያጠፋዋል። «ነገ ቁጥሩ ይሄ ለመሆኑ ዋስ አልሆንም» ነው ነገሩ። ያናድዳል። ግን አይዋሽም።

መዋሸት ያልኩት በምክንያት ነው። አድራሻ ያረጀበት ብሬክፖይንት አለመቆሙ ትንሹ ጉዳት ነው። ፕሮግራሙ ተስተካክሎ እንደገና ተዘጋጅቷል እንበል፤ 555555555139 አሁንም አለ፣ ግን ሌላ ትዕዛዝ ነው የሚኖርበት። በኢንቴል ፕሮሰሰር አንድ ትዕዛዝ ከ1 እስከ 15 ባይት ሊረዝም ይችላል። ያረጀው ቁጥር የአንዱ ትዕዛዝ ወገብ ላይ ሊያርፍ ይችላል ማለት ነው። ዲበገሩ እዚያ 204 ሲተክል ወጥመድ አላጠመደም፤ የሰው ዓረፍተ ነገር መሃል ገብቶ ቃል ቀየረ። ፕሮሰሰሩ የተቀየረውን ትዕዛዝ እንደ እውነተኛ ሊፈጽመው ይችላል። እናንተ በግ ፍለጋ ወጥታችሁ አዲስ በግ ይዛችሁ ገባችሁ።

* * *

አሁን ወደ ቢሮአችን እንግባ።

ከደንበኞቻችን መካከል አንዲት የመድኃኒት ቤት ባለቤት አሉ። የሽያጭ ፕሮግራማችንን ይጠቀማሉ። ደወሉ። «ደረሰኝ ላትም ስል ይዘጋብኛል» አሉኝ። ጋዜጠኝነት ያስተማረኝ አንድ ነገር ሰው ሲናገር በራሱ ቃል መጻፍ ነው፤ እሳቸው እንዳሉት ጻፍኩት፦ «ልጄ፣ ጠዋት ስከፍተው ከተበላሸ ቀኑን ሙሉ ይበላሻል። ጠዋት ደህና ከሆነ ግን ማታ ድረስ ደህና ነው። ዘግቼ ስከፍተው አንዳንዴ ይድናል።»

ማስታወሻዬ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ አጠረ። የቴክኒክ ክፍሉ ሠንጠረዥ ላይ ሲደርስ «አልፎ አልፎ ይዘጋል» ሆኖ ነበር።

ጉዳዩ ሥራ ከጀመረች ሁለት ወር ለሆናት ልጅ ተሰጠ። እሷም ፕሮግራሙን በዲበገር አስነስታ ደረሰኝ አሳተመች። ሰራ። ሃያ ጊዜ አሳተመች። ሃያ ጊዜ ሰራ። ዘግታ ከፈተች፤ ሰራ። አለቃችን «በቃ፣ ሴትየዋ አያያዙን አያውቁበትም» አለ። እኔም ፋይሉን እንድዘጋና ምክንያት በሚለው ቦታ «የተጠቃሚ ስህተት» ብዬ እንድሞላ ተነገረኝ።

ሁለት ቃል ናቸው። ሆኖም ሴትየዋ ሠላሳ ሰው ተሰልፎባቸው ደረሰኝ መስጠት ያቃታቸው ናቸው፤ የሚከራከሩት ደግሞ ከእኛ ማሽን ጋር ነው። ማሽኑ «ደህና ነኝ» ብሏል። እሳቸው «አይደለም» ብለዋል። ማንን ነው የምታምኑት?

«ዓርብ እሞላዋለሁ» ብዬ ወረቀቱን አቆየሁና ለልጅቷ የመጀመሪያውን ማስታወሻ ሰጠኋት። አነበበችው። ደግማ አነበበችው። «ቀኑን ሙሉ ነው ያሉት?» አለችኝ።

«በራሳቸው ቃል።»

«እንግዲያው አልፎ አልፎ አይደለም፤ ዕጣው ሲነሳ አንዴ ይወጣና እሱ ነው ቀኑን ሙሉ አብሯቸው የሚውለው» አለችና ወንበሯን ሳበች።

ከመድኃኒት ቤቱ የመጣው የሞት መዝገብ ላይ አንድ አድራሻ ነበር። አድራሻው ያለው ሶርስ ኮዱ በሌለን፣ ከማተሚያው ጋር ተገዝቶ በመጣ ላይብረሪ ውስጥ ነው። ቁጥሩን እንዳለ ለጂዲቢ ብትሰጠው «ማስገባት አልተቻለም» አላት። እውነቱን ነው፤ ያ ቁጥር የመድኃኒት ቤቱ የዚያን ቀን ጠዋት ቁጥር ነው። ደግነቱ መዝገቡ ላይብረሪው የዚያን ዕለት ያረፈበትንም መነሻ ይዟል። ቀለል ባለ ቁጥር ልንገራችሁ፦ ላይብረሪው ያረፈው 52000 ላይ፣ ሞት የተመዘገበው 52417 ላይ ቢሆን ልዩነቱ 417 ነው። በእኛ ማሽን ላይብረሪው 90000 ላይ ካረፈ ብሬክፖይንቱ 90417 ላይ ይደረጋል። 417 ብቻውን አድራሻ አይደለም፣ 52417ም ብቻውን አድራሻ አይደለም። «የማን ቤት፣ ከበሩ ስንት እርምጃ» ሲባል ነው አድራሻ የሚሆነው።

ብሬክፖይንቱ አሁን ቆመላት። ቆመ፣ ግን ሁሉም ጤነኛ ነው። ለምን? ጂዲቢ ዕጣውን አስቁሞታላ! ለመድኃኒት ቤቱ በየጠዋቱ የሚወጣው ዕጣ ለእኛ አንድ ጊዜም አልወጣም። ሃያ ጊዜ ሞከርን ያልነው አንዱን ጠዋት ሃያ ጊዜ ነው።

ዕጣው እንዲወጣ ፈቀደችለት፤ በጂዲቢ አንድ መስመር ናት። አሁን ግን ቁጥሩ በየሩጫው ይለወጣል። ስለዚህ በየጊዜው ፕሮግራሙን ሜይን ላይ በስም ታስቆማለች፣ የሜሞሪ ካርታውን ታያለች፣ ላይብረሪው ዛሬ የት እንዳረፈ ታነባለች፣ 417ቷን ትደምራለች፣ የትናንቱን ብሬክፖይንት ሰርዛ የዛሬውን ታደርጋለች። በሦስተኛው ሩጫ ፕሮግራሙ ዓይኗ እያየ ሞተ። በአምስተኛው ደገመ። በጠቅላላ ከሩጫዎቹ ግማሽ ያህሉ ይሞታሉ፤ ግማሹ ጤነኛ ነው።

ከሞቱበት ወደ ኋላ እየተከተለች በጉን አገኘችው። ላይብረሪው ንጹህ ነው። የራሳችን አሮጌ ኮድ ነው፤ ከ32 ቢት ዘመን የተረፈ። የደረሰኙን የሜሞሪ አድራሻ እንደ መለያ ቁጥር ሊጠቀምበት ብሎ 32 ቢት በሚይዝ ሳጥን ውስጥ ይከተዋል። የ64 ቢት አድራሻ እዚያ አይገባም፤ የላይኛው ግማሹ ይቆረጣል። ከቀረው ግማሽ የመጀመሪያዋ ቢት 0 ከሆነች ቁጥሩ ፖዘቲቭ ነው፤ 1 ከሆነች ኔጌቲቭ ይሆናል፤ ኔጌቲቩ ከሠንጠረዡ ውጭ ያለ ቦታ ያስነብባል፤ ከዚያ የተነበበው ቆሻሻ ለማተሚያው ላይብረሪ ይሰጣል፤ ላይብረሪው ይሞታል።

አሁን በጂዲቢ ስር ያለውን አድራሻ አስታውሱ። 5555፣ ከዚያ 5555፣ ከዚያ የቀረው። የላይኛው ሲቆረጥ የሚቀረው በ5 ይጀምራል። 5 በሁለትዮሽ ሲጻፍ 0101 ነው። መጀመሪያዋ 0! በዲበገር ስር ይሄ ፕሮግራም ሺህ ጊዜ ቢነሳ ሺህ ጊዜ ፖዘቲቭ ነው። መድኃኒት ቤት ግን ቢቷን የሚወስናት ዕጣ ነው፤ ሳንቲም እንደ መወርወር ነው። ሳንቲሙ የሚወረወረው ፕሮግራሙ ሲነሳ ብቻ ነው። «ጠዋት ከተበላሸ ቀኑን ሙሉ ይበላሻል።» ሴትየዋ ስለ ሜሞሪ አንዲት ቃል ሳያውቁ በጉ የት እንደታሰረ ነግረውን ነበር።

ማስተካከያው አንድ ቃል ነበር፤ ሳጥኑን ሰፊ ማድረግ። ዓርብ ዕለት ፋይሉን ዘጋሁት። ምክንያት በሚለው ላይ «የእኛ ኮድ» ብዬ ሞላሁ። አለቃችን አየውና ምንም ሳይል ፈረመ። ለሴትየዋ ስደውል ደስ ብሏቸው «ታዲያ እኔ ምን አልኩ?» አሉኝ። እንዳሉት ነበር በእርግጥ።

* * *

ዲበገሩን መውቀስ እዚህ ጋ ቀላል ነው። እኔ አልወቅሰውም። ሰው መርምሮ በሽታ ለማግኘት በሽተኛው ለጊዜው ጸጥ ብሎ እንዲተኛ መጠየቅ ያለ ነው። አብዛኛው በግ የሚገኘውም በዚሁ ጸጥታ ውስጥ ነው፤ ትናንት የቆመበት ቦታ ዛሬም ካልቆመ ማንም ሥራ አይሰራም። አደጋው ጸጥታውን እኛ እንደፈጠርነው ስንረሳ ነው። መቅረጸ ድምፅ ስከፍት ድምፁ የሚለወጥ ሰው ብዙ ገጥሞኛል። መሣሪያዬ ያደረሰበትን ጫና ካልቆጠርኩ «ተረጋግቶ ነው የመለሰልኝ» ብዬ ልጽፍ ነው።

ሁለተኛው ነገር ደብተሩ ነው። ቁጥር ጠንካራ ይመስላል፤ ስም ደግሞ ልል። 555555555139 ሲባል ከ«ሰማያዊ በር» ይልቅ ሳይንስ ይመስላል። ግን ከሩጫ ሩጫ የሚሻገረው የቱ ነው? ከማን መነሻ እንደተቆጠረ ያልተጻፈበት ቁጥር ከአውዱ ተቆርጦ የወጣ ጥቅስ ነው። የተናገረው ሰው በትክክል ብሎታል፤ ዛሬ ግን ሌላ ሰው ዓረፍተ ነገር ወገብ ላይ ተተክሎ ሌላ ነገር ያናግራል። «አልፎ አልፎ ይዘጋል» የምትለዋ አጭር ማስታወሻም እንደዚሁ ናት። ስህተት የለባትም፣ መነሻዋ ብቻ ተቆርጧል።

ስለ ዳቦ ቤቱ ቃል ገብቼ ነበር። ስምም ይፈርሳል። ፈንክሽኑ ስሙ ከተቀየረ ወይም ከተሰረዘ በስም የተጻፈው ብሬክፖይንት የሚተከልበት ያጣል። ልዩነቱ ያን ጊዜ ዲበገሩ «ይሄን ስም አላገኘሁትም» ይላችኋል፤ እናንተም ሄዳችሁ ጎረቤት ትጠይቃላችሁ። ያረጀ ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ዛሬ ማንም ይኑርበት ማን፣ በሩን ያንኳኳል።

ለኮምፒውተር ተማሪዎቹ አንባቢዎቻችን ደግሞ በአጭሩ፦ ስም ካለ በስም አስቁሙ። ስም ከሌለ የፋይሉን ስምና ከመነሻው ያለውን ርቀት ጻፉ፣ የዕለቱን ቁጥር ብቻውን አትጻፉ። ፕሮግራሙ እንደገና በተዘጋጀ ቁጥር የአድራሻ ብሬክፖይንቶቻችሁን ሰርዛችሁ እንደ አዲስ አስሉ። «እኔ ጋ ይሰራል» ከማለታችሁ በፊት ደግሞ ዕጣውን አብሩና አሥር ጊዜ አስነሱት። ደንበኛ «ጠዋት ጠዋት» ካለ፣ ጠዋት ጠዋት ብላችሁ ጻፉ።

በሉ እንግዲህ፣ ቸር ሰንብቱ። የሚደውልላችሁን ሰው ቃል አታሳጥሩ።